የዓለምን ችግር ከብዙ ወገን ስለ መማር

(በተማሪ ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንዱ ተነሥቶ እንዲናገር በተወሰነ ጊዜ ዕጣው በእኔ ላይ ስለ ወደቀ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለተሰጠኝ ክብር ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ለንግግሬ የመረጥሁት ርእስ በዚህ ዓመት በክፍላችን ዕለት በዕለት የምንከራከርበት ነው። ይኸውም «ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ምን እንማር?» የሚለው ጥያቄ ነው። አንዱ ሐኪም፣ አንዱ መሐንዲስ፣ አንዱ ሕግ ዐዋቂ ለመሆን ያስባል፤ ይህ ሁሉ መልካም ነው። እኔ ግን ዛሬ ስሙ በመካከላችን ገና ብዙ ስላልተለመደ፣ በልዩ ልዩ አገሮች ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ስለሚሰጥ አንድ ትምህርት እናገራለሁ። ይህም የመላውን ዓለም የጋራ ችግሮች ከብዙ የዕውቀት ዘርፎች አጣምሮ የሚያስተምርና በመጀመሪያ ዲግሪ የሚያስመርቅ ትምህርት ነው።

ነገሩን ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። ጥቂት ጊዜ ቆይቶ እያንዳንዳችን የምንማረውን መርጠን በወረቀት ላይ እንሞላለን፤ ያን ወረቀት ከሞላን በኋላ መመለሱ ቀላል አይሆንም። ወላጆቻችንም እኛን ለዚህ ለማድረስ ብዙ ዓመት ደክመዋል። ስለዚህ ምርጫው የእኛ ብቻ ሳይሆን የእነርሱም ስለ ሆነ በፊታቸው ቢመረመር ይገባል።

እንግዲህ ይህ ትምህርት ምንድን ነው?

እስከ አሁን በተማሪ ቤት የለመድነው ትምህርት በደወል የተከፋፈለ ነው። ደወል ሲደወል ታሪክ ይዘጋና ኬሚስትሪ ይከፈታል፤ ደግሞ ሲደወል ኬሚስትሪ ይዘጋና ጂኦግራፊ ይከፈታል። መከፋፈሉ ለማስተማር ይመቻል፤ ዕውቀትም የጠለቀው በመከፋፈሉ ነው። ነገር ግን በዓለም ላይ የሚደርሰው ችግር ደወል አያውቅም። ድርቅ ሲመጣ «እኔ የጂኦግራፊ ነኝ» ብሎ ከገበያ ደጅ አይቀርም፤ ወረርሽኝም «የባዮሎጂ ነኝ» ብሎ የመንግሥትን ግምጃ ቤት ሳይነካ አያልፍም። ይህ ትምህርት እንግዲህ አንድን ችግር በመካከል ያኖርና ተማሪው ዙሪያውን እየዞረ ከሳይንስ በኩል፣ ከኤኮኖሚ በኩል፣ ከሕግ በኩል፣ ከታሪክና ከሕዝብ ልማድ በኩል እንዲመለከተው ያደርጋል።

አሳቡ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1918 ካበቃ በኋላ (ዘመኑን ሁሉ የምቆጥረው እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) እንዲህ ያለ እልቂት ዳግመኛ እንዳይደርስ ምን ማወቅ ይገባናል ብለው የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። በ1919 በዌልስ አገር በአበሪስትዊዝ ከተማ ዴቪድ ዴቪስ የተባለ ባለጸጋ ከእኅቶቹ ጋር በሰጠው ገንዘብ፣ በጦርነቱ ለወደቁት ተማሪዎች መታሰቢያ እንዲሆን የዓለም አቀፍ ፖለቲካ የትምህርት ወንበር ተቋቋመ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በዋሺንግተን ከተማ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የውጭ ጉዳይ አገልግሎት ትምህርት ክፍል ከፈተ። በ1920 ደግሞ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍናን፣ ፖለቲካንና ኤኮኖሚክስን በአንድ ዲግሪ አጣምሮ ማስተማር ጀመረ። እነዚህ ሁሉ ግን የተፈጥሮ ሳይንስን ብዙም አላስገቡም ነበር። የአየር ጠባይ መለወጥ፣ የወረርሽኝና የምግብ እጥረት ነገር እየጎላ ሲሄድ ፖለቲካ ብቻውን እንደማይበቃ ታወቀ። ስለዚህ ለምሳሌ በሆላንድ አገር፣ የዓለም ፍርድ ቤት በሚገኝባት በሄግ ከተማ፣ የሌይደን ዩኒቨርሲቲ በ2010 የከፈተው ኮሌጅ የትምህርቱን መሠረት የዓለም የጋራ ችግሮች አድርጎ ሳይንሱንም ማኅበራዊውንም ዕውቀት በአንድ ዲግሪ ይሰጣል።

በአገራችንም አሳቡ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1964 የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ሥርዓት በተጀመረ ጊዜ፣ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያገለግሉ ሆነ፤ ብዙዎቹም የሕዝቡ ችግር በመጽሐፍ እንደሚታየው የተከፋፈለ እንዳልሆነ ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ከ2019 ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ቢሆን የማኅበራዊ ሳይንስ፣ ስለ ዓለም አቀፍ ጉዳዮች የሚያስተምር የጋራ ትምህርት እንዲወስድ ተደርጓል። ይህ ግን መቅመሻ ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ ሙሉው ማዕድ ነው።

አሁን ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። የመረጥሁት ምሳሌ የበረሃ አንበጣ ነው። በኦሪት ዘጸአት ስለ አንበጣ ያላነበበ በመካከላችን የለም፤ በ2019 እና በ2020 የመጣውን መንጋ ግን ብዙዎቻችን በዓይናችን አይተነዋል። ገበሬው በጅራፍ፣ በጩኸትና በቆርቆሮ ሲያባርረው ማን ይረሳል? ለመሆኑ ያ መንጋ ከየት መጣ?

በ2018 ሜኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት የባሕር ዐውሎ ነፋሶች በዓረብ ልሳነ ምድር ላይ ከፍ ያለ ዝናም አፈሰሱ። «ባዶው ሩብ» በሚባለው፣ ሰው በማይኖርበት የአሸዋ ምድር ውሃ ተቋጠረ፤ ሣርም በቀለ። እንስቲቱ አንበጣ እንቁላልዋን የምትጥለው በረጠበ አሸዋ ውስጥ ነው፤ ነገሩ ከተመቸ በአንድ ትውልድ ቁጥሩ ሃያ እጥፍ ያህል ይሆናል። በዚያ በረሃ ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራባ። ሒሳቡን እንሥራው፤ 20 በ20 ሲባዛ 400፣ 400 በ20 ሲባዛ 8,000 ይሆናል። ስለዚህ አንድ የነበረው ስምንት ሺህ ሆነ ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ጂኦግራፊ፣ ባዮሎጂና ሒሳብ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው ግን ፖለቲካ ነው። መንጋው በ2019 ወደ የመን ገባ። የመን ከ2014 ጀምሮ ጦርነት የወደቀባት አገር ስለ ሆነች፣ የአንበጣ ተከላካይ ሠራተኞች እንደ ልባቸው ተዘዋውረው ሊሠሩ አልቻሉም። አንበጣን ለማጥፋት የሚቀለው ክንፍ ሳያወጣ ገና ኩብኩባ ሆኖ በምድር ሲሄድ ነው፤ ክንፍ ካወጣ በኋላ ነፋስ ሲረዳው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይበራል። ስለዚህ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሶማሊያ መጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የምዕራቡ የህንድ ውቅያኖስ ከወትሮው ይልቅ ሞቆ ስለ ነበር በምሥራቅ አፍሪቃ ያልተለመደ ብዙ ዝናም ዘነመ፤ በዲሴምበር ወርም ፓዋን የተባለ ሌላ ዐውሎ ነፋስ ሶማሊያን መታ። እንዲህ ሆኖ ለአንበጣው እንደገና መራቢያ ስፍራ ተዘጋጀለት። በኢትዮጵያና በሶማሊያ በ25 ዓመት፣ በኬንያ በ70 ዓመት ውስጥ ያልታየ መንጋ ሆነ።

ምን ያህል ይበላል ቢሉ፣ አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ 40 ሚሊዮን ያህል አንበጣ ይይዛል። አንዱ አንበጣ 2 ግራም ያህል ሲመዝን በቀን የክብደቱን ያህል ይበላል። ይህ ሲደመር በቀን 80,000 ኪሎ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚያስረዳው 35,000 ሰው በቀን የሚበላውን ያህል ማለት ነው። በ2020 በአገራችን ወደ 200,000 ሄክታር የሚጠጋ የሰብል መሬት እንደ ተጎዳ፣ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብም አስቸኳይ የምግብ ርዳታ እንደሚያስፈልገው ይኸው ድርጅት አስታወቀ።

በዚያው በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ደረሰና አውሮፕላኖች ከመብረር ታገዱ፤ የፀረ ተባይ መድኃኒትና መሣሪያ መምጫው ዘገየ። እንግዲህ የበሽታው ነገር የአንበጣውን ነገር ነካው። መድኃኒቱም ራሱ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ከአውሮፕላን የሚረጨው ኬሚካል አንበጣውን ሲገድል ንቡንም ሊገድል ይችላል፤ አገራችን ደግሞ በማር ምርት በአፍሪቃ ስመ ጥር ናት። በሶማሊያ ለዚህ መላ ሲፈለግ አንበጣን ብቻ ለይቶ የሚገድል ሻጋታ ተረጨ፤ እርሱ ግን ቶሎ አይገድልም፤ ገበሬው ደግሞ ዛሬውኑ እንዲጠፋለት ይፈልጋል። ታዲያ ማን ይወስን? ኬሚስቱ ነውን? ገበሬው ነውን? ንብ አርቢው ነውን? ገንዘቡን ማን ይክፈል? አውሮፕላኑ የጎረቤትን ድንበር ሲሻገር ፈቃድ ማን ይስጥ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ አባቶቻችን አስቀድመው አስበውበታል፤ በ1962 በአዲስ አበባ በተፈረመው ስምምነት የምሥራቅ አፍሪቃ አገሮች የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን በጋራ ያቋቋሙት ስለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቦሪስ ኡቫሮቭ የተባለ ሊቅ በ1921 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ይመስሉ የነበሩት ለብቻው የሚኖረውና በመንጋ የሚሄደው አንበጣ አንድ ፍጥረት እንደ ሆኑ አስረዳ። አንበጣው ሲጨናነቅ ጠባዩም መልኩም ይለወጣል። በ2009 ደግሞ ሊቃውንት ይህን ለውጥ በነፍሳቱ ነርቭ ውስጥ የሚያስነሣው ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር እንደ ሆነ አገኙ። ይህ ታላቅ ዕውቀት ነው። ነገር ግን መንጋ ከመሆኑ በፊት በበረሃ የሚጠብቀው ሰው ደመወዝ ከሌለው፣ መንገዱም በጦርነት ከተዘጋ፣ ሊቁ በቤተ ሙከራ ያገኘው ዕውቀት ለገበሬው ማሽላ ምን ይረዳል? ሊቁን፣ የግምጃ ቤቱን ሹም፣ መልእክተኛውንና ገበሬውን የሚያገናኝ፣ የአራቱንም ቋንቋ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። የዚህ ትምህርት ዓላማ እንዲህ ያለውን ሰው ማዘጋጀት ነው።

እንዲህ ያለው መተባበር ፍሬ ማፍራቱን የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ ከራሳችን ምድር አለ። ይኸውም የፈንጣጣ መጥፋት ነው። ፈንጣጣን ከዓለም ለማጥፋት በ1958 በዓለም ጤና ጉባኤ አሳቡን ያቀረበው የሶቪየት ኅብረት መልእክተኛ ቪክቶር ዥዳኖቭ ነው፤ ከ1967 ጀምሮ የተጠናከረውን ዘመቻ የመራው ደግሞ አሜሪካዊው ዶክተር ዶናልድ ሄንደርሰን ነው። ሁለቱ መንግሥታት በሌላው ነገር ሁሉ ዓይንና ናጫ በነበሩበት ዘመን በዚህ ተባበሩ። ክትባቱ በሙቀት እንዳይበላሽ በደረቅ መልክ መሠራቱ የሳይንስ ሥራ ነው፤ በሽተኛው ያለበትን መንደር እየፈለጉ በዙሪያው ያለውን ሰው ብቻ መከተብ የብልሃት ሥራ ነው፤ የመንደሩን ሽማግሌ አሳምኖ መግባት ግን ቋንቋና ልማድን ማወቅ ይጠይቃል። በአገራችን ተራራና ቆላ እየዞሩ የሠሩት ሠራተኞች ሦስቱም ያስፈልጓቸው ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ በ1976 ተገኘ፤ በ1977 በሶማሊያ በመርካ ከተማ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻ ሰው ታየ፤ በ1980 የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታው ከምድር መጥፋቱን ዐወጀ።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ፤ በክፍላችን ክርክር ሦስት ተቃውሞ ሰምቻለሁና።

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ሁሉ አማረሽን ገበያ አያውጧት» የሚለው ነው። ሁሉን ልማር የሚል ተማሪ አንዱንም ሳይጨብጥ ይመለሳል ይላሉ። በዚህ ተቃውሞ ውስጥ እውነት አለ፤ አልክደውም። ከሁሉ ጥቂት ጥቂት ቀምሶ፣ በስብሰባ ላይ ደኅና አድርጎ የሚናገር፣ እጁ ግን አንድ ነገር መሥራት የማይችል ሰው ሊወጣ ይችላል። ነገር ግን ይህ የትምህርቱ ሳይሆን የአማማሩ ጉድለት ነው። ገበያ የወጣችው ሴት ሁሉን ካየች በኋላ ለወጡ የሚያስፈልገውን ብቻ ከየመደቡ መርጣ ከገዛች፣ ሁሉ አማረኝ ማለቷ አይደለም፤ ምን እንደምትሠራ ዐውቃ ወጥታለች። ተማሪውም እንዲሁ አንድን ችግር ከያዘ፣ ከየዕውቀቱ መደብ የሚወስደው በዚያ ችግር ይለካል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የእንጀራ ነው። አባቴ በዚህ ጉባኤ ተቀምጠው ይሰሙኛል፤ ይህን አሳብ በነገርኋቸው ቀን የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር። «ሐኪም የተማረ ሐኪም ይባላል፤ አንተ ስትመረቅ ምን ትባላለህ?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ሥራ ፈላጊ የሚጠራበት ማስታወቂያ በዚህ ትምህርት ስም ሲወጣ እስከ አሁን አላየሁም። በቤቱ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች የመጀመሪያ ደመወዙን የሚጠብቁ ተማሪ ካለ፣ ስሙ የታወቀ ሙያ አስቀድሞ ቢይዝና ይህን ትምህርት በኋላ ቢጨምርበት ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ብልኅነት ነው። ለአባቴ የመለስሁት መልስ ግን ይህ ነው፦ ከዚህ ትምህርት ጋር አንድ የሚያበላ ሙያ አጥብቄ እይዛለሁ፤ የእኔም ምርጫ እስታቲስቲክስ ነው። መቁጠርና መመዘን የሚያውቅ ሰው በእርሻ ቢሮም፣ በጤና ቢሮም፣ በባንክም ይፈለጋል። እርሳቸውም ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያስ መቁጠሩን አስቀድም» አሉኝ። ምክራቸውን ተቀብያለሁ።

ሦስተኛው ተቃውሞ «የዓለምን ችግር ለሀብታም አገሮች እንተውላቸው፤ እኛ የራሳችን ይበቃናል» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ አጭር ነው። አንበጣው ከእኛ በረሃ አልተነሣም፤ ግን የእኛን ማሽላ በላ። ዐውሎ ነፋሱ በእኛ ባሕር ላይ አልነፈሰም፤ ያመጣው ጣጣ ግን ደረሰብን። የዓባይንም ነገር አስቡ። በ1929 በእንግሊዝና በግብፅ መካከል፣ በ1959 ደግሞ በግብፅና በሱዳን መካከል ስለ ውሃው ስምምነት ሲፈረም፣ አብዛኛው ውሃ የሚፈልቅባት ኢትዮጵያ በጉባኤው አልተቀመጠችም። በ2011 ሥራው ተጀምሮ በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ያስነሣውን ክርክር ስናይ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የውሃውን ሒሳብ፣ የኤሌክትሪኩን ገበያ፣ የዓለምን ሕግና የጎረቤትን ሥጋት ማወቅ የሚያስፈልግ መሆኑ ግልጽ ነው። በጉባኤ ያልተገኘ ሰው ስለ ራሱ ሌሎች የወሰኑትን ይሰማል። ተገኝቶም ዕውቀት ያነሰው ሰው ወንበሩን ብቻ ሞልቶ ይመለሳል።

እንግዲህ ይህን ትምህርት ለመማር የሚያስቡ ጓደኞቼ ካሉ ሦስት ነገር እንዲያስቡ እለምናለሁ። አንደኛ፣ ከብዙው ዕውቀት መካከል አንዱን እንደ ምሰሶ ይትከሉ፤ ምሰሶ የሌለው ቤት ሣሩ ቢበዛም አይቆምም። ሁለተኛ፣ ቋንቋ ይማሩ፤ እንግሊዝኛን ብቻ አይደለም፤ የሌላውን የአገራችንን ሕዝብ ቋንቋ፣ ቢቻልም የጎረቤታችንን ዓረብኛ ይማሩ፤ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ የሰውን ችግር ማወቅ አይቻልምና። ሦስተኛ፣ አንድ የሚያውቁት ስፍራ ይኑራቸው። ስለ ዓለም ሁሉ የሚናገር፣ ነገር ግን በአንዲት ወረዳ ጤፍ በስንት እንደሚሸጥና ጉድጓዱ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ የማያውቅ ሰው፣ ካርታ እንጂ ምድር አላየም።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ትሑት ልመና አለኝ። በየመንፈቁ አንድ ሳምንት ብቻ፣ የባዮሎጂው፣ የጂኦግራፊው፣ የታሪኩና የሒሳቡ መምህራን አንድን ችግር በጋራ ቢያስተምሩን ምን ይመስላችኋል? ለምሳሌ ከተማሪ ቤታችን በታች የሚወርደው ወንዝ ከዓመት ዓመት ለምን እንደሚደፈርስ ብንመረምር፣ ባዮሎጂው ከላይ የተመነጠረውን ዛፍ፣ ጂኦግራፊው የታጠበውን አፈር፣ ታሪኩ የመሬቱን ይዞታ፣ ሒሳቡ የውሃውን ልክ ያሳየናል። ለዚህ አዲስ ሕንጻም ሆነ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አራት መምህራን በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸው ብቻ ይበቃል። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ታናናሾቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ ዕውቀት በደወል የተከፋፈለው ለማስተማር እንዲመች ብቻ መሆኑን ዐውቀው ይሄዳሉ።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ ስሙን የማታውቁትን ትምህርት መርጬአለሁ ብሎ ወይም ብላ ቢመጣ አስቀድማችሁ አትቈጡ፤ «ምሰሶው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካለው እመኑት፤ ከሌለው ምከሩት።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ይህን ተረት ስለ ሰዎች መተባበር ብቻ የተነገረ አድርገን እንሰማዋለን፤ ለዕውቀትም ይሆናል። አንዱ የዕውቀት ክር ብቻውን ቀጭን ነው፤ ፈንጣጣን የሚያህል አንበሳ የታሰረው ግን ብዙው ክር በመግጠሙ ነው።

ይህች ተማሪ ቤት እኛን ፊደል አስቆጥራ፣ ሳይንስ አስተምራ፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጣውን በአንድ መቀመጫ አስቀምጣ እዚህ አድርሳናለች። ዕድሜዋን ያርዝምልን፤ የሚመጣውንም የምሥረታ በዓሏን እያንዳንዳችን በያዝነው ሙያ አንድ ነገር ሠርተን እንድናከብር ያብቃን።